የግራው በር

ክራሩ የለም።

ኸይረዲን ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ዘፈኑን ለስንተኛ ጊዜ ከመጀመሪያው እንዳስጀመረው ራሱም አያውቅም። ሁልጊዜ የሚፈትንበት ዘፈን ነው፤ ጭብጨባው ከቀኝ በር፣ ክራሩ ከግራ በር፣ የዘፋኟ ድምፅ ደግሞ ከፊት መስታወቱ መሃል እንዲመጣ ሆኖ የተቀዳ። በዚህ ዘፈን ሳይፈትን ስፒከር ቀይሮ ያስረከበው መኪና የለም። ጭብጨባው ይኸው በቦታው ነው። ዘፋኟም አለች፤ ግን መሃሉን ትታ ወደ ቀኝ ሸሽታለች። ክራሩ በብርድ ልብስ እንደተጠቀለለ ያህል ታፍኖ፣ አንዴ አለ ሲሉት አንዴ ይጠፋል።

«ምን ሆነሻል አንቺ» አላት መኪናዋን።

ቀይ፣ ባለ ሁለት በር ቶዮታ ሴሊካ ናት። መብራቷ ከኮፈኑ ውስጥ ብቅ የሚል፣ ወገቧ ለመሬት የቀረበ፣ ዲላ ውስጥ አምሳያ የሌላት የድሮ የስፖርት መኪና። ባለቤቷ አቶ ደበበ የፍስሐ ገነት ከተማ ቡና ነጋዴ ናቸው። በጎረምሳነታቸው ገዝተዋት፣ ከዚያ ወዲህ የጭነት መኪና በጭነት መኪና ሲለውጡ እሷን ግን ማንም እንዲነካባቸው አልፈለጉም። አሁን የምትወጣው ለሰርግ ብቻ ነው። መስኮቷን ከፍታ፣ ዘፈኗን ለቅቃ ከፊት ትመራለች፤ አጃቢው ሁሉ ጡሩምባውን እየነፋ ከኋላዋ ይከተላል። ነገ የምትመራው ደግሞ የገዛ ልጃቸውን የሙሉዓለምን ሰርግ ነው። የድሮዎቹ ስፒከሮች ወረቀታቸው ተቀዶ ይንጫረሩ ስለነበር ሙሽራዋ «አባዬ፣ በዚህ ድምፅማ አልዳርም» ብላ አባቷን አሳቀቻቸው፤ አሳዘነቻቸውም። አቶ ደበበ መኪናዋን አምጥተው ለኸይረዲን ሰጡት። ዛሬ ከሰዓት በኋላ ይወስዷታል።

ለሌላ ሰው አይሰጧትም ነበር። ኸይረዲን በከተማው «ጆሮው» ነው የሚባለው። ሥራ ቤቱ ካደረገው ኮንቴይነር ፊት ለፊት በሞያሌ መንገድ የሚያልፍ አይሱዙ ድምፁን ብቻ ሰምቶ የትኛው ሽቦው እንደላላ ይናገራል ይሉታል። ይቺ እንኳ ውሸት ናት። ግን አስተባብሏት አያውቅም።

ቴፑን አጥፍቶ ወረደ። ከነጋ ጀምሮ ልቡ አልረጋም። ዛሬም የሱብሂን አዛን አልሰማም። መስጊዱ ከአጥሩ ማዶ ነው፤ ድሮ ሙአዚኑ ማይኩን ገና በጣቱ ሲነካ፣ ከዚያች ኮሽታ ጋር የሚነቃ ሰው ነበር። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግን እንደ ሱናው በቀኝ ጎኑ ተኝቶ፣ ሚስቱ ፈይዛ ትከሻውን ካልነቀነቀችው በቀር እንደተጋደመ ይነጋበታል። እርጅና መጣ ብሎ ሰግቷል። ኢማኔ ደከመ ብሎም ሰግቷል። ከዚያ አልፎ ማሰብ አልፈለገም።

ፈይዛም ብትሆን የድሮዋ አይደለችም። ቤታቸው ከኮንቴይነሩ ጀርባ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከጓዳ ሆና ስሙን መጥራት ልማዷ ነበር። ሻይ ደርሷል፣ ስልክ እየጮኸብህ ነው፣ ሰው መጥቷል፣ ሁሉንም ነገር በጥሪ ነበር የምታደርሰው። አሁን ትታዋለች። እግሯ እስኪቀጥን ግቢውን አቋርጣ ትመጣና ፊቱ ትቆማለች። ከረመዳን ጀምሮ ደግሞ አልጋ ላይ ቦታ ቀይራለች፤ ትዳር ከያዙ ጀምሮ በግራው ስትተኛ ኖራ፣ አንድ ማታ ትራሷን አንስታ በቀኙ በኩል፣ ግድግዳው ጥግ ገባች። ሲጠይቃት «እዚያ ይበርደኛል» አለች። በዲላ ሙቀት ይበርደኛል የሚል ሰው አስቀይመኸኛል እያለ ነው ብሎ ተረጎመው፤ በምን እንዳስቀየማት ግን ቢያስብ ቢያስብ አላገኘውም።

የግራውን በር ልባስ እንደገና ፈታው። ሽቦው ደህና ነው፤ አጋጠመው፣ ጎተተው፣ አይላላም። ስፒከሩ አዲስ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ማኅተም እንኳ አልደበዘዘም። እንግዲህ ሽቦው ደህና ከሆነ፣ ቴፑም ደህና ከሆነ፣ የቀረው ስፒከሩ ነው። ነቅሎ በጨርቅ ጠቀለለውና መንገድ ወጥቶ ባጃጅ አስቆመ።

ባለ ባጃጁ ገመቹ ደንበኛው ነው። ባለፈው ወር የባጃጁን ቴፕ ሠርቶለታል። መንገዱን ሁሉ አንገቱን ወደ ኋላ እያዞረ ሲያወራ ነበር።

«እኔምልህ፣ ያ የሠራህልኝ ቴፕ ግራ በኩል ብቻ ትጮሃለች» አለ ገበያው ዳር ሲደርሱ። «ተሳፋሪ ደግሞ ስልክ ማውራት አቃተኝ ብሎ ይጮህብኛል።»

«ሌላ ቀን አምጣው» አለው ኸይረዲን ሳያስብበት። እንዲህ ያለ ስሞታ ሰሞኑን ሌላም ሰው አንስቶበት ነበር። ሰው ለድምፅ ጆሮ የለውም ብሎ ነው ያለፈው።

አህመድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ውስጥ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ነበር። ሁለቱ ከስልጤ አገር በአንድ መኪና ተጭነው ነው ዲላ የገቡት፤ መንገድ ዳር በተነጠፈ አንድ ላስቲክ ላይ ካልኩሌተርና የእጅ ባትሪ ሸጠዋል፤ ከዚያ አህመድ ሱቅ ከፈተ፣ ኸይረዲን ካቻቢቴ ያዘ። አህመድ ስፒከር ይሸጣል፣ ለሰርግ የሚሆኑ ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎችም ያከራያል። በእነሱ የሱቅ ረድፍ አንድ ልማድ አለ። የተመለሰ ስፒከር የሚፈተነው ባንኮኒ ላይ፣ ሱቁ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። ሻጩ ደረቅ ባትሪ ያነሳና የስፒከሩን ሁለት ጫፍ ይነካዋል፤ ጠቅ ካለ ደህና ነው፣ ካላለ ሻጩ ያለ ክርክር ይለውጣል። ሻጭና ገዢ ካልተስማሙ ደግሞ ኸይረዲን ይጠራል። እሱ ሰምቶ የተናገረው ነገር ይጸናል።

«ይሄ ሞቷል» አለ ኸይረዲን ጨርቁን እየፈታ።

አህመድ ደንገጥ ብሎ ባትሪውን አነሳ። ነካው። ጠቅ አለ፤ ስለ ቴሌቪዥን ዋጋ ስትጠይቅ የነበረችው ሴት ጭምር ዞር ብላ አየች። ኸይረዲን እንደ ልማዱ ጎንበስ ብሎ ግራ ጆሮውን አስጠጋ። ስፒከር የሚያዳምጠው ሁልጊዜ በግራው ነው፤ ቀኝ እጁ ካቻቢቴ ስለሚይዝ፣ ገና ሥራ ሲጀምር የለመደው ነገር ነው።

«ድገመው።»

ጠቅ።

ኸይረዲን ቀና አለ። «ሞቷል አልኩህ። ፎርጅድ ነው ያመጣኸው።»

የአህመድ ፊት ቀላ። ስፒከሩን አንስቶ አገላበጠው፤ ባትሪውንም አየው፤ በዓይኑ የሚፈልገውን ነገር ያጣ ይመስላል።

«ኸይሬ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሰው ፊት ነው እኮ።»

«እኔም ነገ ሰርግ ላይ ሰው ፊት ነው የሚሰማብኝ። የታሸገ ስጠኝ።»

አህመድ ከመደርደሪያው አዲስ የታሸገ ጥንድ አውርዶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠለት። ሴትየዋ ስለ ቴሌቪዥኑ ሳትጠይቅ ወጣች። ኸይረዲን ካርቶኑን ታቅፎ ከደጁ ሲወርድ በግራው በኩል የአህመድን አፍ አየ፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ነበር። ምንም አልሰማም። አጉረምርሞ ተወው እንጂ የሚሰማ ነገርማ ቢናገር እሰማው ነበር ብሎ አሰበ። ምን አልክ ብሎ መጠየቅ እንደ መለማመጥ ሆኖ ስለታየው መንገዱን ቀጠለ።

ሁሉንም ነገር ከደጅ ሆኖ የተመለከተው ገመቹ ሞተሩን እያስነሳ ምላሱን ጠቅ ጠቅ አደረገ። «አህመድ ፎርጅድ ጀመረች ማለት ነው?» አለ። ኸይረዲን አልመለሰለትም፤ ባለ ባጃጅ ደግሞ ያልተመለሰለትን ነገር አዎ ብሎ ነው የሚይዘው። ኮንቴይነሩ ጋ አውርዶት ሲሄድ ሌላ ተሳፋሪ ጫነ። ተሳፋሪውም ወዲያው ወደ ፊት ተጠግቶ መስማት ጀመረ።

አዲሱን ጥንድ ገጠመ። ዘፈኑን ለቀቀ። ክራሩ የለም።

ላብ አጠመቀው። የግራውን ስፒከር ቀኝ፣ የቀኙን ግራ አድርጎ ገጠማቸው። ጥፋተኛው ስፒከሩ ከሆነ፣ ድካሙ አሁን ወደ ቀኝ መሄድ አለበት። አልሄደም። የግራው በር ደካማ እንደሆነ ቀረ። ሽቦውን ከቴፑ ጀርባ አለዋወጠ። የግራው በር ደካማ ነው። በበሩ ቆርቆሮ ውስጥ ድምፅ የሚውጥ ነገር ይኖር ይሆን ብሎ እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ዳበሰ፤ ያገኘው የሰርግ ወረቀት አበባ ነበር፣ ቀለሙን የጨረሰ። በመጨረሻ ድምፁን ለግራና ለቀኝ የሚያካፍለውን ቁልፍ ወደ ግራ እየገፋ እየገፋ ሄደ። ክራሩ ትንሽ ብቅ አለ፤ ቢሆንም የሚወደው ክራር አይደለም።

ፈይዛ የቀኙን በር ከፍታ አጠገቡ ተቀመጠችና የምሳውን ሳህን ጭኗ ላይ አደረገች። ቴፑን አጠፋው። ሁለት ጉርሻ ቀምሶ እጁን ሰበሰበ።

«ብላ እንጂ።»

«ከጓዳ ሆነሽ መጥራት ያቃተሽ ለምንድን ነው?» አላት። ለራሱም ያልጠበቀው ጥያቄ ነበር። «ምን በድዬሽ ነው ስሜ ከአፍሽ የጠፋው?»

ፈይዛ አየችው።

«ቀርቤ ልጥራህ ብዬ ነው» አለች። ሳህኑን ይዛ ወረደች።

ሰማዩ በጌዴኦ ኮረብቶች በኩል መጥቆር ጀምሯል። አቶ ደበበ ደውለው ከፍስሐ ገነት በሚኒባስ እንደተነሱ ተናገሩ። ኸይረዲን ዘፈኑን መልሶ ለቀቀና ልባሱን ሊያስር ተነሳ፤ ካቻቢቴው ከእጁ አምልጦ በወንበሮቹ መሃል ወደ ኋላ ተሸቀነጠረ። ሴሊካ የኋላ በር የላትም። በሾፌሩ ወንበር ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ፊቱን ወደ ኋላ መስታወት አዙሮ እጁን ዘረጋ።

ክራሩ መጣ።

ጥርት ብሎ፣ እያንዳንዱ ክር ለብቻው እየተሰማ፣ ከግራው በር መጣ። ደስ አለው፤ የላላች ነገር በጉልበቴ ነክቼ ይሆናል አለ። ካቻቢቴውን ይዞ ዞረና ተቀመጠ። ክራሩ ጠፋ። ተመልሶ ተንበረከከ። ክራሩ መጣ፤ አሁን ግን ጭብጨባው ታፈነ። ተቀመጠ፤ ጭብጨባው መጣ፣ ክራሩ ሄደ። መኪናዋ አልዞረችም። በሮቹ በየቦታቸው ናቸው። የዞረው እሱ ነው።

ቀስ ብሎ ቀኝ ጆሮውን በጣቱ ደፈነው። ዘፈኑ ሄደ፣ መንገዱ ሄደ፣ ከአጥሩ ማዶ ሲንጫጩ የነበሩት ልጆች ሄዱ። የቀረው ከሩቅ፣ ከጥልቅ ቦታ የሚመጣ የከበሮ ምት ብቻ ነበር፤ እሱንም የሚሰማው በደረቱ ይሁን በጆሮው መለየት አልቻለም።

ጣቱን አነሳ። መልሶ ደፈነ። ከዚያ ቴፑን አጥፍቶ መሪውን ይዞ ተቀመጠ።

አዛኑን የዋጠው ትራስ ነበር። በቀኝ ጎኑ ሲተኛ የሚሰማበትን ጆሮ ትራሱ ውስጥ ይቀብረውና፣ ወደ ላይ የሚቀረው የማይሰማው ነው። የገመቹ ባጃጅም እንደዚያው ነው፤ ግራው የደከመ መስሎት ድምፁን ወደ ግራ የገፋው ራሱ ነው። ስሞታ ያነሱት ሰዎች ሁሉ ትክክል ነበሩ። ምልክቶቹ አንድ በአንድ ሲመጡ አይቷቸዋል፤ ያጣው ማወቁን ሳይሆን ለማወቅ ድፍረቱን ነው። ፈራ። እንደ ሕፃን ነው የፈራው። ያለ ጆሮዬ እኔ ማን ነኝ ብሎ ራሱን ጠየቀ።

መቀመጥ አልቻለም። ወርዶ መንገዱን ይዞ ሄደ፤ ወዴት እንደሚሄድ አላሰበም። ለማንም ባልናገርስ? በስልክ የድምፅ መጠን እየለካ መሥራት ይችላል። በቀኝ ጆሮው ማዳመጥ ይለምዳል። ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። መንገዱን ሊሻገር እግሩን ሲያነሳ ነፋስ ገፋውና ወደ ኋላ ተፈናጠረ፤ ቡና የጫነ አይሱዙ ከግራው መጥቶ በደረቱ ፊት አለፈ። ሾፌሩ በመስኮት ወጥቶ እየሰደበው ነበር፣ እጁን ሲወረውር ያየዋል። ጡሩምባ ነፍቶ ይሁን አይሁን ኸይረዲን አያውቅም።

ወደ ቤቱ ተመለሰ። ፈይዛ ግቢው ውስጥ የተሰጣ ልብስ ከዝናቡ ታሰባስብ ነበር።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አላት።

ምኑን ብላ አልጠየቀችም። ልብሱን አቅፋ ዞራ መጣችና በቀኙ በኩል ቆመች፤ እሱም አሁን ገና ስትዞር አያት።

«ከረመዳን በፊት» አለች። «ስጠራህ አንዳንዴ ትመጣለህ፣ አንዳንዴ አትመጣም። መጀመሪያ ያኮረፍከኝ መስሎኝ ብቻዬን አለቀስኩ። በኋላ ሳስተውል በዚህኛው ጎንህ ስጠራህ ነው የማትዞረው።»

«አልጋውስ?»

«መብራት ከጠፋ በኋላ የማወራህን እንድትሰማ ነዋ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሌላ ነገር ቢሆን ያንኑ ቀን እነግርህ ነበር። አንተን ስለ ጆሮህ በምን ቃል ልጀምርህ? ፈራሁ። ራስህ ደርሰህበት እስክትመጣ ጠበቅኩ።» ልብሱን ወደ ሌላው ክንዷ አዛወረችው። «ሐዋሳ ሐኪም እንሄዳለን። ቀላል ነገር ሊሆንም ይችላል።»

«ላይሆንም ይችላል።»

«ላይሆንም ይችላል» አለች።

የተወችው መስሎት ስንት ወር በልቡ ሲቀየማት እንደከረመ ሊነግራት ፈለገ። በምትኩ እጇን ይዞ ወደ መኪናዋ ወሰዳትና በሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጣት። እሱ በቀኙ ገባ። ዘፈኑን ሲለቀው ፈይዛ እጇን በግራ ጆሮዋ ላይ ጣል አደረገች።

«ይሄማ ያደነቁራል። ሁሉም በእኔ በር ነው የሚጮኸው።»

ኸይረዲን ቁልፉን ያዘ። «ዘፋኟ ከፊትሽ፣ መስታወቱ መሃል ላይ ስትቆም እጅሽን አንሺ።»

ቀስ እያለ ወደ ቀኝ መለሰው። ፈይዛ ዓይኗን ጨፍናለች። እሱ የሚሰማው ነገር እየባሰበት፣ ክራሩ እየሰመጠ ሲሄድ ልቡ አቁም ይለዋል፤ እጁ ግን የእሷን እጅ እያየ ቀጠለ። ቁልፉ እኩሌታው ላይ ሲደርስ እጇ ተነሳ።

«ክራሩስ?»

ዓይኗን ሳትገልጥ መዳፏን በግራው በር ላይ አሳረፈች። «እዚህ ነው። ጣት ሲነካው ሁሉ ይሰማል።»

ሲወርዱ ካፊያ ጀምሯል። ፈይዛ ወደ ቤት ከመግባቷ በፊት ቆም አለች።

«አህመድስ? ጎረቤት ሁሉ ፎርጅድ ሸጠ እያለ ነው።»

«ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ። ለብቻው።»

ፈይዛ የምትለው ነገር ያላት ትመስል ነበር። ግን አቶ ደበበ ነጭ ባርኔጣቸውን በላስቲክ ሸፍነው ከመንገድ ሲገቡ አየቻቸውና ሰላምታ ሰጥታ ሄደች።

አቶ ደበበ ወንበሩን ወደ ኋላ ስበው ተቀመጡ፤ ዘፈኑን ሰሙ። ክራሩ ሲገባ ትከሻቸው ሳያስቡት ተነቃነቀ። ሴሊካን በገዙበት ዘመን ስለነዷት መንገድ ሁሉ ሊናገሩ ያማራቸው ይመስላል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ጆሮ ማለት ይሄ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እኔስ ልጄ ስትሄድብኝ ነው የማስበው፤ እንዲህ አድርጎ የሚሸኛት ካገኘሁማ ምን እላለሁ። እግዜር ያክብርህ ኸይረዲን።»

ምስጋናው አስጨነቀው። «አሜን ጋሼ» አለ መሬት መሬት እያየ።

«ያ አህመድ የሚሉት ግን ጉድ ሠራህ አሉ። ባጃጅ ላይ ነው የሰማሁት። እንኳን ሰማሁ። ለነገ ትልልቆቹን ድምፅ ማጉያዎች ከእሱ ነበር የምከራየው፤ ትቼዋለሁ። አሁን ሄጄ ለሌላ ሰው እነግራለሁ። አንተ ሞቷል ያልከውን ዕቃ የሚሸጥ ሰው ልጄ ሰርግ ላይ አያሳፍረኝም።»

ኸይረዲን ለነገ ያለው ነገር እስከ ነገ እንደማይቆይ ገባው። ቃሉን የሰጠው በባንኮኒው ፊት ነው፤ ለብቻ ሹክ ቢሉት የሚመለስ ቃል አልነበረም። እዚሁ ለአቶ ደበበ ቢናገር አንድ ሰው አወቀ ማለት ነው፤ ረድፉ ግን አያውቅም። ዝም ቢል ደግሞ መኪናዋ ትሄዳለች፣ ስሙም አብሯት በየሰርጉ ይዞራል። ዝም ለማለት ተቃርቦ ነበር፤ ከንፈሩ ላይ ሌላ ወሬ ሁሉ መጥቶለት ነበር።

«ጋሼ፣ አህመድ ጋ ያድርሱኝ» አለ። «መኪናዋንም በመንገዱ ይሞክሯታል።»

ገበያው በዝናቡ ግማሽ ተበትኗል። በአህመድ ሱቅ ዳስ ሥር የተጠለሉ ሰዎች ቀዩዋን ሴሊካ ሲያዩ መንገድ ከፈቱ። ገመቹ ባጃጁን አቁሞ ከመካከላቸው ነበር። አህመድ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ አቶ ደበበን አየ፣ ኸይረዲንን አየ፤ ሰላምታ አልሰጠም። ጠዋት የተመለሰው ስፒከር ከነጨርቁ መደርደሪያው ሥር ተቀምጧል።

«ያን ስፒከር አውጣው» አለ ኸይረዲን። «ባትሪም አምጣ።»

«ምን ቀረህ?»

«አውጣው አህመድ።»

አህመድ ስፒከሩን ባንኮኒው ላይ አኖረና ባትሪውን ነካው። ጠቅ አለ። ኸይረዲን ጎንበስ አለ፤ ልማዱ አንገቱን ወደ ግራ ሲወስደው ያዘውና አዞረው፤ ቀኝ ጆሮውን አስጠጋ።

«ድገመው።»

ጠቅ። ድምፁ ሹል ነበር፣ ሕያው ነበር። ቀና ብሎ በባንኮኒው ጠርዝ ተደገፈ።

«ስፒከሩ ደህና ነው» አለ፣ ዳሱ ሥር ያሉት እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ጠዋትም ደህና ነበር። የሞተው የእኔ ግራ ጆሮ ነው። በእሱ ነው ያዳመጥኩት። ሴሊካንም ያስተካከለችው ፈይዛ ናት።»

የዝናቡ ድምፅ በቆርቆሮው ላይ ነበር፤ ኸይረዲን የሚሰማው በአንድ ወገን ነው። አቶ ደበበ በግራው በኩል ቆመዋል። የሆነ ነገር ብለው እንደሆነ አያውቅም። ዞር ብሎ ሲያያቸው የመኪናዋን ቁልፍ በጣታቸው እያዞሩ፣ የሰርግ ድምፅ ማጉያዎቹ ወደተደረደሩበት ጥግ ይመለከቱ ነበር፤ ፊታቸው ላይ የተጻፈውን ማንበብ አልቻለም። ገመቹ የግራ ጆሮውን ይዞ ቆሟል።

አህመድ ባትሪውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ። የባንኮኒውን መዝጊያ አንስቶ ወጣ። ኸይረዲን የሚመጣበትን ነገር ለመቀበል ቆሞ ጠበቀ። አህመድ ግን አጠገቡ ሲደርስ አልቆመም፤ በጀርባው ዞሮ፣ በአቶ ደበበና በእሱ መሃል አልፎ፣ በቀኙ በኩል መጥቶ ቆመ።

«ጠዋት ስወጣ የሆነ ነገር ብለኸኝ ነበር» አለ ኸይረዲን። «ምን ነበር?»

አህመድ ወደ ቀኝ ጆሮው ጠጋ አለ።

«እንኳንም አልሰማኸው» አለ። «አሁን የምልህን ግን ስማ።»

ኸይረዲን አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቀኝ ጆሮውን ሰጠው።